ቀስ በቀስ ማደብዘዝ፦ ዓይንን የመምራት ሥራና ኀላፊነቱ



«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ተቃራኒው ነው፤ ይኸውም ጥርት ያለውን ነገር እያደር ስለ ማደብዘዝ። በኮምፒዩተር የፎቶግራፍ ማስተካከያ ሶፍትዌር አንድን ሥዕል በአንድ ወገኑ ጥርት እንዳለ ትቶ፣ ወደ ሌላው ወገን ሲሄዱ ጥቂት በጥቂት እያደበዘዙ የመሥራት ዘዴ አለ። መቼም «ይኼ የፎቶ ቤት ሥራ ነው፤ ለመምህር ምን ይፈይድለታል?» የሚል አይጠፋም። እኛም የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክበብ አባላት ሥራውን ስንጀምር ጥያቄው ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። መልሱን ያገኘነው ሥራውን እየሠራን፣ በኋላም እየተከራከርን ነው። ክርክሩ ከሥራው በልጦ ስላገኘነው ሁለቱንም ለእናንተ ማካፈል ወደድን።

ዓይናችን ራሱ ያደበዝዛል

ከሶፍትዌሩ በፊት ከገዛ ዓይናችን እንነሣ። እስቲ አሁኑኑ፣ ይህን እያነበባችሁ ሳላችሁ፣ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጉ። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር አተኩራችሁ ተመልከቱ። አሁን ዓይናችሁን ከጥፍሩ ሳታነሡ፣ ጎን ለጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ ለማንበብ ሞክሩ። አይነበብም! የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያየው በዚያ ርቀት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ቦታ ነው፤ በማዕዘን ቢለካ 2 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ጥራቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የማናስተውለው ዓይናችን ያለ ዕረፍት ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወር ብቻ ነው።

የካሜራም ነገር እንዲሁ ነው። የካሜራ ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያወጣው በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ ያለውን ነገር ነው። ከዚያ ርቀት ወዲህም ሆነ ወዲያ ያለው እየደበዘዘ ይሄዳል። የሌንሱ ቀዳዳ ሰፋ ሲል ድብዘዛው ይፈጥናል፤ ጠበብ ሲል ይዘገያል። የስልካችን ካሜራ ሌንስ ትንሽ ስለሆነ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል አጥርቶ ያወጣዋል። ለዚህም ነው የስልክ ሠሪዎች ድብዘዛውን በሒሳብ መጨመር የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይፎን 7 ፕላስ በሁለት ሌንሶች ርቀትን እየገመተ የሰውን ፊት አጥርቶ ጀርባውን ያደበዝዝ ነበር። ዛሬ ይህ ነገር በብዙ ስልኮች ላይ አለ፤ ቢሆንም የጸጉርን ዳር ከጀርባው ለመለየት ሲቸገር አሁንም እናየዋለን።

ሠዓሊዎችም ነገሩን ከካሜራ በፊት ያውቁት ነበር። ጣሊያናዊው ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ (እ.ኤ.አ. 1452–1519) የሞና ሊዛን የከንፈር ጫፍና የዓይን ጠርዝ ሲስል በቁርጥ መስመር አልከበበውም፤ ከብርሃን ወደ ጥላ እንደ ጢስ እያሳሳ አሻገረው እንጂ። ጣሊያኖች ይህን አሳሳል «ስፉማቶ» ይሉታል፤ ቃሉም ከጢስ የመጣ ነው።

የእኛ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። እያንዳንዱ አካል በጥቁር መስመር ተለይቶ ይቀመጣል። ታዲያ ተመልካቹ ማንን ቀድሞ እንዲያይ በምን ይታወቃል? ዋናው ሰው ገዝፎ ይሳላል፤ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲያዩን፣ ክፉዎች በጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ማለትም ሠዓሊው ምንም ነገር ሳያደበዝዝ ዓይናችንን ይመራዋል። ይህን የምናነሣው ማደብዘዝ ዓይንን ከሚመሩ ብዙ መንገዶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አለመሆኑን ለማስታወስ ነው። በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል መርጃ መሣሪያ አንዳንዴ ቀስት መሳል ወይም ዋናውን ነገር ማጉላት ይበቃል።

ሒሳቡ የጎረቤት ምክር ነው

የኮምፒዩተር ፎቶግራፍ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በጥቁርና ነጭ ሥዕል እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይይዛል። 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ፣ መካከሉ ግራጫ ነው። ማደብዘዝ ማለት እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ቁጥር ይዞ ከመቆም ይልቅ ጎረቤቶቹን አማክሮ አማካይ እንዲወስድ ማድረግ ነው።

የሒሳብ ዲፓርትመንት ጓደኞቻችን በሰሌዳ ላይ ያሳዩንን እንድገመው። ስድስት ነጥቦች በመደዳ አሉ እንበል፦

0፣ 0፣ 0፣ 255፣ 255፣ 255

ይህ ከጥቁር ወደ ነጭ በአንድ ጊዜ የሚዘል ስለታም ጠርዝ ነው። አሁን እያንዳንዱ ነጥብ ራሱን 2 ጊዜ፣ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን አንድ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ድምሩን ለ4 ያካፍል። በጫፍና በጫፍ ያሉት ጎረቤት ስለሚጎድላቸው የራሳቸውን ቁጥር በጎደለው ቦታ ይድገሙ። ውጤቱ፦

0፣ 0፣ 64፣ 191፣ 255፣ 255

አንድ ጊዜ ይደገም፦

0፣ 16፣ 80፣ 175፣ 239፣ 255

አያችሁ? ገደል የነበረው ቁልቁለት ሆነ። በደገምነው ቁጥር ቁልቁለቱ ይለዝባል። እንዲህ ሲደጋገም የክብደቱ አሰጣጥ ወደ አንድ የታወቀ ቅርጽ እየተጠጋ ይሄዳል፤ እርሱም በምዘና ትምህርት የተማሪዎችን ውጤት ሥርጭት ስናጠና የምናውቀው ደወል መሳይ ኩርባ ነው። ኩርባው በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ (እ.ኤ.አ. 1777–1855) ስም ይጠራል፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ዋናው የማደብዘዣ ፊልተርም «ጋውሲያን ብለር» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። የቅርብ ጎረቤት ብዙ ይሰማል፤ የሩቁ ጥቂት ይሰማል፤ በጣም የራቀው ከነአካቴው አይሰማም። በሰፈር ሽምግልናም እኮ እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የማደብዘዣው መጠን የሚቆጠረው በነጥብ ነው። ስለዚህ አንድ መጠን ለሁሉም ሥዕል አይሆንም። 800 ነጥብ ስፋት ባለው ፎቶግራፍ ላይ መጠን 10 ከስፋቱ አንድ ሰማንያኛ ነው። በ4000 ነጥብ ፎቶግራፍ ላይ ያንኑ ያህል ድብዘዛ ለማግኘት 50 ያስፈልጋል። «እገሌ 10 አድርግ ብሎኛል» ብሎ መያዝ አያዋጣም፤ የሥዕሉን ስፋት ማየት ግድ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ፎቶሾፕ ነው። ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የጀመሩት ይህ ሶፍትዌር የመጀመሪያው ዕትም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ቀረበ፤ ሥዕልን በንጣፍ በንጣፍ የመሥራት ዘዴ የተጨመረበት ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እኛ የምንጠቀመው ጊምፕ የሚባለውን ነው። ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ሲሆን ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ተማሪዎች የጀመሩት መሆኑ ለእኛ ለእጩ መምህራን ጥቂትም ቢሆን ወኔ ይሰጣል።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ፎቶግራፉን ከፍታችሁ ንጣፉን አባዙት። አሁን ሁለት ተመሳሳይ ሥዕል አንዱ ባንዱ ላይ ተነጥፏል፤ ልክ በእንጀራ ላይ እንጀራ እንደ መደረብ ነው።

ሁለተኛ፣ የላይኛውን ንጣፍ መርጣችሁ ጋውሲያን ብለር ስጡት። መላው ሥዕል ይደበዝዛል። አትደንግጡ፤ ጥርቱ ከሥር አለ።

ሦስተኛ፣ ለላይኛው ንጣፍ ማስክ ጨምሩለት። ማስክ ማለት ንጣፉ የቱ ጋ እንደሚታይና የቱ ጋ እንደሚደበቅ የሚወስን መሸፈኛ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ በማስኩ ላይ ነጭ የሆነው ቦታ ያሳያል፤ ጥቁር የሆነው ይደብቃል፤ ግራጫው ደግሞ እንደ ግራጫነቱ መጠን በከፊል ያሳያል።

አራተኛ፣ ማስኩን መርጣችሁ ግራዲየንት በሚባለው መሣሪያ ከጥቁር ወደ ነጭ ሳቡ። ጥቁሩ ያለበት ቦታ የላይኛው ተደብቆ ከሥር ያለው ጥርት ሥዕል ይወጣል። ነጩ ያለበት ቦታ የደበዘዘው ይታያል። በመካከል ያለው ጥቂት በጥቂት ይሻገራል። የሳባችሁት መስመር ረዥም ከሆነ ሽግግሩ ይለዝባል፤ አጭር ከሆነ ይፈጥናል።

ይኸው ነው። ከአራቱ አንዱም በዋናው ሥዕል ላይ ጉዳት አያደርስም፤ ካልወደዳችሁት ማስኩን ጠርጋችሁ እንደገና መሳብ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ጊምፕ 3.0 ላይ ፊልተሩ ራሱ በንጣፉ ላይ ሳይቀልጥ ስለሚቀመጥ የድብዘዛውን መጠን በኋላ ተመልሶ መለወጥ ይቻላል። እንግዲህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና መጀመሪያ በአንድ ቀላል ሥዕል ተለማመዱ።

ቀላሉ ዘዴ የሚጎድለው

ቀላሉን ዘዴ ለተመለከተ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሦስት ነገሮች ይጎድሉታል።

አንደኛው በመካከሉ ላይ ነው። ማስኩ ግራጫ በሆነበት ቦታ የምናየው በግማሽ የደበዘዘ ሥዕል አይደለም። በግማሽ ጥርት፣ በግማሽ ደግሞ ከልክ በላይ የደበዘዘ ሥዕል ተደባልቆ ነው። በዚያ ቦታ ፊደል ቢኖር ፊደሉ ስለታም እንደሆነ ይቀርና በዙሪያው ጉም ይለብሳል፤ ሰውም ቢኖር መንፈሱ የተከተለው ይመስላል። እውነተኛ ሌንስ እንዲህ አያደርግም፤ ጠርዙን ራሱን ያሰፋዋል እንጂ። መፍትሔው ንጣፎቹን ማብዛት ነው። አንዱን በ2፣ ሁለተኛውን በ4፣ ሦስተኛውን በ8፣ አራተኛውን በ16 አደብዝዞ፣ እያንዳንዱ ማስክ አንዱ ካበቃበት ሌላው እንዲጀምር አድርጎ መሳብ። አድካሚ ነው፤ ግን ልዩነቱ ይታያል። በፎቶሾፕ ሌንስ ብለር የሚባለው ፊልተር ግራጫውን ሥዕል እንደ ርቀት ካርታ አንብቦ መጠኑን ከነጥብ ነጥብ ይለዋውጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፎቶሾፕ ሲ ኤስ 6 ደግሞ ይህንኑ ሥራ በመስመርና በክብ የሚያከናውኑ የተዘጋጁ መሣሪያዎች ጨምሯል።

ሁለተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ድብዘዛ የሚከተለው ርቀትን እንጂ የወረቀቱን ከፍታ አይደለም። አንድ ልጅ በሜዳ ላይ ቆሟል እንበል። ሜዳው ከፊታችን ጀምሮ ወደ ኋላ ስለሚርቅ ከታች ወደ ላይ በተሳበ ግራዲየንት ቢደበዝዝ ያምርበታል። ልጁ ግን እግሩም ራሱም ከእኛ እኩል ይርቃል። በዚያው ግራዲየንት ካለፈ እግሩ ጥርት ብሎ ጭንቅላቱ ይደበዝዛል፤ ይህ ደግሞ በተፈጥሮ የሌለ ነገር ነው። ስለዚህ ለሜዳው ግራዲየንት፣ ለቆመው ነገር ግን ከእግሩ እስከ ራሱ አንድ ዓይነት ግራጫ እንሰጠዋለን። በነገራችን ላይ፣ ከከፍታ ላይ የተነሣ ከተማ ላይና ታቹ ደብዝዞ መካከሉ ብቻ ሲጠራ ቤቱና መኪናው ሁሉ የልጅ መጫወቻ መስሎ ይታያል። ምክንያቱም እንዲህ በጠባብ ቦታ ብቻ የጠራ ሥዕል ዓይናችን የለመደው በጣም ቀርበን ትንንሽ ነገር ስናነሣ ነው።

ሦስተኛው የጠርዝ መፍሰስ ነው። ጀርባው ሲደበዝዝ የፊተኛው ሰው ቀለም ከጀርባው ጋር ይማከርና በዙሪያው የብርሃን አክሊል የመሰለ ነገር ይፈጠራል። ስለዚህ ከማደብዘዝ በፊት በጀርባው ቅጂ ላይ ሰውየውን በዙሪያው ባለው ቀለም መሸፈን ይገባል፤ ከዚያ ጀርባው ይደበዝዛል፤ በመጨረሻም ጥርቱ ሰው ከላይ ይቀመጣል።

ለግድግዳ የሚታተም ከሆነ አንድ ተጨማሪ ምክር እንስጥ። ግራጫው 256 ደረጃ ብቻ ስላለው ሰፊና ለስላሳ ሽግግር በወረቀት ላይ የደረጃ መስመር ሊያወጣ ይችላል። በጣም ጥቂት የአሸዋ ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ ሲጨመርበት መስመሩ ይጠፋል።

የተከራከርንበት ፎቶግራፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በተመደበበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ መጣ። አንዲት ተማሪ ጠመኔ ይዛ በጥቁር ሰሌዳው ላይ 156ን ለ12 ታካፍላለች። መልሱን 13 ብላ ጽፋ ቀሪ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ወደ ኋላ ተመልሳ ስታባዛ ነው የተነሣችው። ከኋላዋ ዴስኮቹ በመደዳ ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት ልጆች ተጣበው ተቀምጠዋል። የግድግዳው ጭቃ ተፈረካክሷል፤ አንዱ መስኮት በካርቶን ተደፍኗል።

ፎቶግራፉ በወላጆች ቀን በሚቀርበው ዐውደ ርእይ ላይ እንዲሰቀል ታሰበ። ወዲያው ከእኛ አንዷ እንዲህ አለች፤ «ይኼማ ለቀስ በቀስ ድብዘዛ የተፈጠረ ነው! ልጅቷንና ሰሌዳውን አጥርተን ዴስኮቹን ወደ ኋላ እያደበዘዝን ብንሄድ እኮ ዓይን ሁሉ ማካፈሉ ላይ ያርፋል።» ሠርታም አሳየችን። እውነትም አማረ። ልጅቷ ከሥዕሉ ወጥታ የምትናገር መሰለች።

ልምምዱን እዚያ የሠራው ጓደኛችን ግን ሥዕሉን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «አማረ፤ ግን እኔ ያስተማርኩበት ክፍል ይኼ አይደለም» አለ። «እንዴት?» ብንለው፣ «አራት ሆነው የተቀመጡት ልጆች የት ሄዱ? ካርቶኑ የት ሄደ? ከወረዳ የሚመጡት እንግዶች ይህን አይተው ‹እንዴት ያለ ጥሩ ክፍል ነው› ብለው ቢሄዱ፣ ዴስክ የሚጨምርልን ማን ነው?» ሲል መለሰ።

እርሷም ዋዛ አይደለችም። «እኔ ምንም አልሰረዝኩም» አለች። «ልጆቹ አሉ፤ ደበዘዙ እንጂ አልጠፉም። ደግሞስ አንተ ፎቶውን ስታነሣ ግማሹን ክፍል ከሥዕሉ ውጭ ትተኸው የለ? መምረጥ ውሸት ከሆነ ካሜራ ማንሣትም ውሸት ነው።»

በዚህ ጊዜ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ማደብዘዝ ማስተማር ነው፤ ተማሪ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ካየ ምንም አያይም» ይላል። ሌላው ወገን «ደብዛዛ ያደረግነው ሁሌ የማንወደውን ነው፤ ይህማ ግድግዳውን በመጋረጃ መሸፈን ነው» ይላል። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ክበባችንን የሚረዱት መምህር ገቡ። የሁለቱንም ወገን ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ልጆች፣ እስቲ መጀመሪያ ይህ ሥዕል ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንዲሆን እንደምትሰቅሉት ንገሩኝ።»

ዝም አልን። ለካስ ሁለቱ ጓደኞቻችን የሚከራከሩት ስለ አንድ ሥዕል ይሁን እንጂ ስለ ሁለት ጥያቄ ነው! እርሷ የምትመልሰው «የማካፈል ውጤት ትክክል መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል?» የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ዴስኩና ግድግዳው ዓይን ከመበተን በቀር ፋይዳ የላቸውም፤ ቢደበዝዙ ተማሪው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። እርሱ የሚመልሰው ደግሞ «ልጆቹ በምን ሁኔታ ይማራሉ?» የሚለውን ነው። ለዚህኛው ጥያቄ መልሱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ያንን ማደብዘዝ መልሱን መደምሰስ ነው።

ከዚህም በመነሣት ሥዕሉን በሁለት ዓይነት አሳተምነው። የደበዘዘው በሒሳብ መርጃ መሣሪያዎች መካከል ተሰቀለ፤ ከሥሩም «የሥዕሉ ጀርባ በሶፍትዌር ደብዝዟል» የሚል አንድ መስመር ተጻፈበት። ጥርቱ ሳይነካ በልምምድ ሪፖርቱ አጠገብ ተሰቀለ። በዕለቱ እንግዶቹ በሁለቱም ፊት ቆሙ። አንድ አባት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ቆይተው «ይቺ ልጅ እዚህ ብቻዋን ናት፤ እዚያ ግን ከነጓደኞቿ ናት» አሉ። የጻፍነውን መስመር ገና አላነበቡም ነበር።

የልጆችን ፊት በተመለከተ

ልጅቷ ፊቷ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ስለተነሣች አትለይም፤ ከጀርባዋ ያሉት ልጆች ግን ፊታቸው በጥርቱ ሥዕል ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። «ፊታቸውን ትንሽ እናደብዝዘው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። እዚህ ላይ ሁላችሁም ልብ እንድትሉ የምንፈልገው ነገር አለ። ማደብዘዝ ጥሩ መጋረጃ አይደለም። በጥቂቱ የደበዘዘን ፊት የሚያውቀው ሰው በሰውነት አቋሙና በልብሱ ጭምር ይለየዋል። ድብዘዛው ቀላል ሲሆን ደግሞ በሒሳብ በከፊል ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ከላይ እንዳየነው ማደብዘዝ ቁጥሮቹን ያደባልቃቸዋል እንጂ አይሰርዛቸውም።

ከዚህ የባሰም አለ። በንጣፍ የተሠራ ፋይል እንዳለ ለሌላ ሰው ቢሰጥ፣ ተቀባዩ የላይኛውን ንጣፍ ገለጥ ሲያደርግ ከሥር ጥርቱ ፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ለሥራችን ምቾት የሆነው ያ «ጥርቱ ከሥር አለ» ያልነው ነገር እዚህ ላይ አደጋ ይሆናል። በመሆኑም መደበቅ ያለበትን ፊት በአንድ ቀለም ሙሉ በሙሉ መሸፈን ወይም ከሥዕሉ ቆርጦ ማስወጣት፣ ከዚያም ንጣፎቹ ሁሉ ወደ አንድ የተጠቃለሉበትን ቅጂ ብቻ መስጠት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥራውን ከካሜራው መጀመር ነው። የወላጆችንና የትምህርት ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ፤ ካልተቻለም ልጆቹን ከጀርባ ማንሣት። እኛም የልጆቹ ወላጆች በትምህርት ቤቱ በኩል ፈቃዳቸውን እስኪሰጡ ድረስ ጥርቱን ሥዕል አላወጣነውም።

በመጨረሻም

«ማር ሲበዛ ይመራል» እንዲሉ፣ ይህ ዘዴ የተማረ ሁሉ በየሥዕሉ ላይ ሊጨምረው ይቃጣዋል። ስለዚህ ማስኩን ከመሳባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥዕሉ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ልናደበዝዘው ያሰብነው ነገር ለዚያ ጥያቄ መልስ አካል ነው ወይስ አይደለም? ተመልካቹስ ሥዕሉ መለወጡን ያውቃል? ሦስቱን የመለሰ ያለ ስጋት ይሳብ።

መምህር በክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው እኮ ይህንኑ ነው። ዛሬ ማካፈልን ሲያስተምር ክፍልፋይን ለጊዜው ያደበዝዘዋል፤ ነገ ተመልሶ ያጠራዋል። መጥፎ የሚሆነው ያደበዘዘውን ረስቶ ከናካቴው ሳያጠራው ሲቀር ነው። በኋለኛው ዴስክ የተጣበቡት ልጆች በመምህሩም ዓይን ደብዝዘው እንዳይቀሩ ዓይናችን ከፊተኛው መደዳ እየተነሣ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል።

ሥራውን በእጃችሁ ልትሞክሩ የምትፈልጉ ሁሉ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ክበባችን ክፍት ነው። የራሳችሁን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ፤ የሰሌዳውን ሒሳብ አብረን እንሠራዋለን። በክርክራችን ላይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ሰልጣኞችም ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ብትሰጡ በሚቀጥለው ዕትም ከዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ቸር እንሰንብት።